ማይክራፎን ዘርግቶ የሚሸጥ ቤት፦ በጎንደር ፒያሳ ያለ አንድ የድምፅ መሣሪያ መደብር ሲገመገም

ጎንደር ውስጥ ስፒከር ወይም አምፕሊፋየር ለመግዛት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እርስ በርስ የሚጣሉ ሁለት ምክሮች ይደርሱታል። ጥገና ቤት የኖሩ ሰዎች «መጀመሪያ ወረቀቱን አንብብ፤ ዋቱንና ድግግሞሹን ሳታይ ገንዘብህን አታውጣ» ይሉታል። ሠርግና ድግስ ላይ ድምፅ የሚያስገቡት ደግሞ «ወረቀት አይዘፍንም፤ ከፍተህ ስማውና ጆሮህ ከተቀበለው ውሰደው» ብለው ይመልሱለታል። ከፒያሳ ወደ ቅዳሜ ገበያ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለ አንድ መደብር ሁለቱን ወገኖች በአንድ ክፍል ውስጥ ለማስታረቅ ስለሚሞክር፣ ምን ያህል እንደተሳካለት በዝርዝር መጻፉ ለገዢዎች ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

መደብሩ ከውጭ ሲታይ ከጎረቤቶቹ የኤሌክትሮኒክስ ቤቶች የሚለይበት ነገር የለም። በፊት ለፊቱ መደርደሪያ ብሉቱዝ ስፒከሮች፣ የጆሮ ማዳመጫዎች፣ ቻርጀሮችና የኬብል ጥቅልሎች ሞልተዋል። ልዩ የሚያደርገው ከመጋረጃው በስተጀርባ ያለው ጠባብ ክፍል ነው። እዚያ ሚክሰሮች፣ ትልልቅ የድግስ ስፒከሮችና የስቱዲዮ ስፒከሮች የሚገኙ ሲሆን፣ ከመካከላቸው በማቆሚያ ላይ የተተከለና ከላፕቶፕ ጋር የተያያዘ ቀጭን የመለኪያ ማይክራፎን አለ። ገዢው አንድ ስፒከር ሲመርጥ ባለቤቱ በነፃ የሚገኘውን ሩም ኢኪው ዊዛርድ የተባለ ፕሮግራም ይከፍታሉ፤ ከ20 ኸርዝ (በሰከንድ 20 ንዝረት) ተነሥቶ እስከ 20,000 ኸርዝ እየቀጠነ የሚሄድ ድምፅ ያስለቅቁና ስፒከሩ የቱን አጉልቶ የቱን ደብቆ እንዳወጣው በመስመር ሥዕል ያሳያሉ። ይህ ክልል ጤናማ የወጣት ጆሮ የሚሰማው ነው፤ ዕድሜ ሲገፋ የላይኛው ጫፍ እየጠፋ ስለሚሄድ፣ ሥዕሉ መጨረሻ ላይ በምትታይ ትንሽ ጉብታ ከሻጩ ጋር የሚከራከር ጎልማሳ ጉብታዋን ራሱ የመስማቱ ነገር ያጠራጥራል።

ባለቤቱን ከሁሉ በላይ የማመሰግናቸው ግን ከመለካታቸው አስቀድሞ በሚያደርጉት ነገር ነው፤ ካርቶኑን ከገዢው ዓይን ያርቁታል። የእጅ መዳፍ የማይሞላ ዉፈር (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣው የስፒከር ክፍል) የያዘ ሣጥን «5,000 ዋት» ተብሎ ተጽፎበት ማየት በገበያችን የተለመደ ሆኗል። ከቁጥሩ ሥር በትንንሽ ፊደል ፒኤምፒኦ የሚል ምልክት ይገኛል፤ ይህ ደግሞ የጋራ አለካክ የሌለው፣ አምራቹ ለማስታወቂያ እንደሚመቸው የሚያሰላው ኃይል ነው። ችግሩ የኛ ገበያ ብቻ አይደለም፤ በአሜሪካ የፌዴራሉ ንግድ ኮሚሽን የቤት አምፕሊፋየሮች ኃይል የሚገለጽበትን ደንብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ1974 እንዲህ ያለው ማጋነን ስለበዛ ነበር። ባለቤቱ ለገዢዎች የሚያሳዩት መፍትሔ ቀላል ነው። ሣጥኑን አዙረው ከኤሌክትሪክ ገመዱ አጠገብ የተለጠፈውን ጽሑፍ ያስነብቧቸዋል። ከሶኬት 60 ዋት ብቻ የሚስብ መሣሪያ ያለማቋረጥ 5,000 ዋት ሊያወጣ እንደማይችል ለማወቅ ምሕንድስና መማር አያስፈልግም።

እውነተኛው ዋት በአርኤምኤስ፣ ማለትም ያለማቋረጥ በሚወጣው አማካይ ኃይል፣ ተለክቶ ሲገኝ እንኳ ብቻውን ብዙ አይናገርም። ድምፅ ለጆሮ እጥፍ ያህል ጎልቶ እንዲሰማ በግምት 10 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ) መጨመር አለበት፤ ለዚህም አሥር እጥፍ ኃይል ያስፈልጋል። የ100 ዋት አምፕሊፋየር ከ50 ዋቱ የሚበልጠው በ3 ዴሲቤል ብቻ ነው፤ ይህም ልዩነቱ የሚታወቅ፣ ነገር ግን የሚያስደንቅ አይደለም። ከዚያ ይልቅ መጠየቅ ያለበት ስፒከሩ 1 ዋት ሲሰጠው በ1 ሜትር ርቀት ላይ ስንት ዴሲቤል ያወጣል የሚለው ነው። 90 ዴሲቤል የሚያወጣ ስፒከር በ25 ዋት የሚደርስበትን ጉልበት፣ 84 ዴሲቤል የሚያወጣው ለመድረስ 100 ዋት ይፈልጋል። በመደብሩ ይህን ጥያቄ ስጠይቅ ከረዳቶቹ አንዱ ወዲያው መልስ ሰጥቶኛል፤ በአካባቢው ባሉ ሌሎች ቤቶች ግን «እሱን ተወው፣ ቤዙ ከባድ ነው» ከሚል በቀር የረባ መልስ አላገኘሁም።

ታማኝ አምራች የጻፈው ቁጥርም ቢሆን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ለምሳሌ በስቱዲዮዎች በብዛት የሚታየውን፣ ነጭ ዉፈር ያለውን ያማሃ ኤችኤስ5 እንውሰድ። ኩባንያው ራሱ ለዚህ ስፒከር ሁለት ክልሎችን ይሰጣል። አንደኛው ከ54 ኸርዝ እስከ 30 ኪሎኸርዝ (30,000 ኸርዝ) ሲሆን ጫፎቹ ላይ ድምፁ በ10 ዴሲቤል መውረዱን ይቀበላል፤ ሁለተኛው ከ74 ኸርዝ እስከ 24 ኪሎኸርዝ ሲሆን የሚፈቅደው የ3 ዴሲቤል መውረድ ብቻ ነው። ሁለቱም እውነት ናቸው። ሻጭ ግን ብዙውን ጊዜ የሚጠቅሰው ሰፊውን ነው፤ ገዢውም 54 ኸርዝ ላይ ያለው ድምፅ ከመሐለኛው ጋር እኩል የሚሰማ ይመስለዋል። የቤዝ ጊታር የመጨረሻው ወፍራም ክር መሠረታዊ ድምፅ 41 ኸርዝ አካባቢ መሆኑን የሚያውቅ ሙዚቀኛ ይህን ስፒከር ብቻውን ይዞ ቤዝ ማመጣጠን እንደማይገባው ከቁጥሩ ይረዳል። ይህን ለማወቅ ማዳመጥ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ቀጥሎ እንደምገልጸው፣ እዚህ ላይ ማዳመጥ ሊያታልል ይችላል።

ልኬት ከጆሮ ጋር ይስማማል ወይ የሚለው ጥያቄ አዲስ አይደለም፤ በደንብ ተጠንቷል። የድምፅ ተመራማሪው ፍሎይድ ቱል በካናዳ ብሔራዊ የምርምር ምክር ቤት፣ በኋላም ከ1991 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በድምፅ መሣሪያ አምራቹ በሃርማን ኩባንያ ሳሉ ከባልደረባቸው ከሾን ኦሊቭ ጋር ባካሄዷቸው ሙከራዎች አድማጮች ስፒከሮቹን እንዳያዩ ይደረግና የድምፁ ጉልበት እኩል ይደረግ ነበር። በዚህ ሁኔታ አብዛኛው ሰው የሚመርጠው በፊት ለፊት ሲለካ መስመሩ ለጥ ያለውን፣ ወደ ጎን ሲለካም ሳይንገራገጭ ቀስ እያለ የሚወርደውን ስፒከር ሆኖ ተገኘ። ቱልና ኦሊቭ እ.ኤ.አ. በ1994 ያቀረቡት ጥናት ደግሞ እነዚያው ስፒከሮች ለአድማጮች በግልጽ ሲታዩ ነጥቡ እንደሚለዋወጥ አሳየ፤ ግዙፉና ውዱ ከፍ ይላል፣ ትንሹና ርካሹ ዝቅ ይላል። ከዚህ የምረዳው ጆሮ የማይታመን መሆኑን አይደለም። ጆሮ ከዓይን ሲለይ የሚሰጠው ፍርድ ከማይክራፎኑ ፍርድ ብዙም አይርቅም።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ የመደብሩ አለካክ ጥሩ ጅምር ቢሆንም ሙሉ አይደለም። ባለቤቱ ማይክራፎኑን ሁልጊዜ በስፒከሩ ትክክለኛ ፊት ለፊት በ1 ሜትር ርቀት ይተክሉታል። ይሁን እንጂ ቤት ውስጥ የምንሰማው ድምፅ ገሚሱ ወደ ጎን ወጥቶ ግድግዳ መትቶ የሚመለሰው ነው። «ጋሼ፣ ትንሽ ወደ ጎን አዙረው ቢለኩልኝ?» ብዬ ስጠይቃቸው ሳይከፋቸው ስፒከሩን 30 ዲግሪ ያህል አዙረው ለኩልኝ፤ ፊት ለፊት ሲታዩ ወንድማማች ይመስሉ ከነበሩት ሁለት ስፒከሮች አንደኛው ከ3,000 ኸርዝ በላይ ድምፁ ተሸራርፎ ታየ። ይህን ልኬት ለሁሉም ገዢ ሳይጠየቁ ቢያደርጉት መደብሩን ከሌላው የሚለየው ነገር እጥፍ በሆነ ነበር። ከ200 ኸርዝ በታች የሚታየው የሥዕሉ ክፍል ደግሞ ከስፒከሩ ይልቅ የክፍሉ ጠባይ መሆኑን ለገዢው መንገር ይገባቸዋል፤ ባለቤቱ ይህን ያውቃሉ፣ ነገር ግን ገዢው ቤዙ ላይ ባለው ትልቅ ጉብታ ሲደሰት እያዩ ዝም ሲሉ ታዝቤያለሁ።

በዚያው ክፍል ያየሁት አንድ ነገር ግን የጆሮን ድርሻ ከማንኛውም ክርክር በተሻለ ያሳያል። ማሲንቆ የሚጫወት አንድ አዝማሪ ለምሽት ቤት የሚሆን ስፒከር ሊገዛ መጥቶ ነበር። የያዘው ፍላሽ ላይ የራሱን ጨዋታ ቀድቷል። የመጀመሪያው ስፒከር ሲከፈትለት ገና ግማሽ ደቂቃ ሳይሞላ እጁን አነሣና «ጋሼ፣ ይኼ ጭራውን ዋጠው» አለ። የማሲንቆ አውታርም ደጋንም የፈረስ ጭራ ነው፤ ጭራ ጭራን ሲፈትግ የሚወጣው ሻካራ ትንፋሽ ከዜማው ጋር አብሮ ካልተሰማ ማሲንቆው ሌላ መሣሪያ ይመስላል። ባለቤቱ ሳይከራከሩ ለኩት። ዉፈሩ ድምፁን ቀጭኑን ድምፅ ለሚያወጣው ለትዊተሩ በሚያስረክብበት ቦታ፣ ከ2,000 እስከ 4,000 ኸርዝ መካከል ሰፊ ጉድጓድ ታየ። ሰውየው ሥዕሉን እንኳ አላየውም፤ ወደሚቀጥለው ስፒከር ዞሮ ነበር።

የሁለተኛው ስፒከር መስመር እጅግ የሚያምር ነበር፤ አዝማሪውም መጀመሪያ ወደደው። ከዚያ በምሽት ቤት ልክ ድምፁን ከፍ አድርጎ ከፈተውና ፊቱን አኮሳተረ፤ «ሲጮህ ይሰነጠቃል» አለ። የሥዕሉ ማማር ውሸት አልነበረም፤ የተለካው ግን በመካከለኛ ጉልበት ነበር። ባለቤቱ በከፍተኛ ጉልበት ደግመው ሲለኩት የድምፅ መዛባቱ በግልጽ ወጣ። ማይክራፎኑ የሚመልሰው የተጠየቀውን ብቻ ነው፤ የትኛው ጥያቄ መጠየቅ እንዳለበት የሚያውቀው መሣሪያውን የት እንደሚያስጮኸው የሚያውቅ ሰው ነው። አዝማሪው ጆሮው የተሳለው በተፈጥሮ ስጦታ ብቻ አይመስለኝም፤ ሲጫወት ውሎ የሚያድርበትን የራሱን ድምፅ ይዞ ስለመጣ የሚያወዳድረው እርግጠኛ ነገር ነበረው። ሌሎቻችን ከስልክ ላይ የተጨመቀ ዘፈን ከፍተን «ጥራት የለውም» ስንል ጥራት ያጣው ዘፈኑ ይሁን ስፒከሩ የምናውቅበት መንገድ የለንም።

የመደብሩ ትልቁ ድክመት የሚታየው በማዳመጡ ላይ ነው። ረዳቶቹ ሁለት መሣሪያዎችን ሲያወዳድሩ ውዱን ከርካሹ ከፍ አድርገው ይከፍታሉ፤ አስበውበት ይሁን በልማድ ልፈርድ አልችልም። ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ፍሌቸርና መንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 እንዳሳዩት ጆሮ በዝቅተኛ ጉልበት ቤዙን በደንብ አይሰማም፤ ጉልበቱ ሲጨምር ቤዙ ከመሐለኛው ድምፅ ይልቅ እየጎላ ይመጣል። በመሆኑም በጥቂት ዴሲቤል ከፍ ብሎ የተከፈተ መሣሪያ «የሚሞላ» ወይም «ሕይወት ያለው» ተብሎ ይመረጣል። በእጃቸው ማይክራፎን እያለ ጉልበቱን እኩል ሳያደርጉ ማወዳደራቸው የሚያሳዝን ነው። እኔ ባለሁበት አንድ ጊዜ ሁለት አምፕሊፋየሮች በእኩል ጉልበት፣ ከመጋረጃ ጀርባ እየተቀያየሩ በአንድ ስፒከር እንዲሰሙ ጠይቄ ነበር። አንደኛው የሌላውን ሦስት እጥፍ ዋጋ ያወጣል፤ ልዩነታቸውም የሰማይና የምድር ያህል እንደሆነ ተነግሮን ነበር። መጋረጃው ከተዘጋ በኋላ እዚያ ከነበርነው ሰዎች የትኛው የትኛው እንደሆነ በእርግጠኝነት መናገር የቻለ አልነበረም። ለስፒከር ብር መጨመር ብዙ ጊዜ ዋጋ አለው፤ ከአቅሙ በላይ ሳይገፋ ለሚሠራ ጤናማ አምፕሊፋየር ግን በድምፅ ጥራት ስም ሦስት እጥፍ መክፈል ተገቢ አይመስለኝም።

ክፍሉ ራሱም ሌላ ጉዳይ ነው። ባለቤቱ ግድግዳውን በስፖንጅና በወፍራም መጋረጃ ሸፍነው ወለሉ ላይ ምንጣፍ አንጥፈዋል። ለመለካት ይህ ጥሩ ነው። ገዢው ግን ስፒከሩን የሚወስደው ሲሚንቶ ወለል፣ ልስን ግድግዳና የቆርቆሮ ጣሪያ ወዳለው ሳሎን ነው። በመደብሩ ለስለስ ብሎ የተሰማው ትዊተር እዚያ ሲደርስ ጆሮ ይወጋል። አራት በአራት የሆነ ሳሎን ደግሞ ለቤዝ የባሰ ነው፤ ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በ4 ሜትር ርቀት ፊት ለፊት በሚተያዩ ግድግዳዎች መካከል 43 ኸርዝ አካባቢ ያለው ድምፅ እየተመላለሰ ይጠራቀማል፤ ክፍሉ በሁለቱም አቅጣጫ እኩል ሲሆን ያው ድምፅ ሁለት ጊዜ ይደራረባል። ግድግዳው ሥር የተቀመጠ ሰው ቤዝ ሲያጥለቀልቀው መሐል ላይ የተቀመጠው ያንን ቤዝ እምብዛም አይሰማም። ስፒከር ከመቀየር ይልቅ ሶፋውን ማንቀሳቀስ የሚሻልበት ቤት ብዙ ነው፤ ይህን ምክር ግን ከሻጭ መጠበቅ ከባድ ነው።

የዓቢይ ጾም ሲቃረብ ብዙ ገዢዎች ስፒከር የሚፈትኑት በበገና ነው። በገና ድንቅ መፈተኛ ቢሆንም በአንድ በኩል ያሳስታል። ከአሥሩ አውታሮችና ከድልድዩ መካከል የሚገቡት ትንንሽ የቆዳ ቁራጮች ለድምፁ ያንን ንዝረት የሚሰጡት ከመሠረታዊው ወፍራም ድምፅ በላይ እጅግ ብዙ ተከታታይ ድምፆችን በማስነሣት ነው። የሰው ጆሮ ደግሞ እነዚህን የበላይ ድምፆች በቅደም ተከተል ከሰማ፣ መሠረታዊው ድምፅ ጨርሶ ባይኖርም እንዳለ አድርጎ ይሰማዋል። ስለዚህ ቤዝ የሌለው ትንሽ ስፒከር በገናን ሲያሰማ «እንዴት ያለ ወፍራም ድምፅ ነው!» ያስብላል፤ ማይክራፎኑ ግን ከታች ባዶ መሆኑን ያሳያል። ከበሮ እንዲህ አያታልልም፤ የበላይ ድምፆቹ በዚያ ዓይነት ሥርዓት የተደረደሩ ስላልሆኑ የታችኛው ሲጠፋ ከበሮው ቆርቆሮ ይሆናል። ለሰንበት ትምህርት ቤት ወይም ለማኅበር ስፒከር የሚገዛ ሰው የበገናውን ቅጂ ከሰማ በኋላ ከበሮ ያለበትን መዝሙርም ያስከፍት። በበገናው የሚፈተነው ንዝረቱ ጥርት ብሎ መውጣቱ ነው እንጂ ቤዙ አይደለም።

ስለ ኤሌክትሪክ በአጭሩ ልናገር። መብራት ሲዋዥቅና ሄዶ ሲመለስ አምፕሊፋየር ይጎዳል፤ መደብሩ ስታብላይዘር አብሮ እንዲገዛ የሚመክረው ለሽያጭ ብሎ ብቻ አይደለም። ከስፒከሩ የሚሰማ የማያቋርጥ እምምታ ካለ ብዙውን ጊዜ ምንጩ የኤሌክትሪኩ 50 ኸርዝ ወይም እጥፉ ነው፤ ዘፈን ሳይከፈት ጆሮን ወደ ስፒከሩ አስጠግቶ ማዳመጥ ይህን ለመለየት ይበቃል።

ዋጋውን በተመለከተ፣ መደብሩ ከአዲስ አበባ መርካቶ ጋር ሲወዳደር ውድ ነው፤ ከመጓጓዣው በላይ የጨመረበትም ዕቃ አለ። ደረሰኝ ይቆርጣሉ፤ ዋስትናው ግን በቃል እንጂ በጽሑፍ ስለማይሰጥ ገዢው ደረሰኙ ጀርባ ላይ ቀኑንና ሁኔታውን ማስጻፍ አለበት። የተበላሸ ዉፈር ሲመጣላቸው ሙሉውን ስፒከር ከመሸጥ ይልቅ ጥቅልሉን የሚያድስ ባለሙያ ዘንድ ይልካሉ፤ ይህ ያስመሰግናቸዋል።

ከአገልግሎቶቻቸው ሁሉ የላቀው ግን በሰሌዳም ሆነ በማስታወቂያ ያልተጻፈው ነው፤ ማስያዣ ለሚያስቀምጥ ሰው ስፒከሩን ለአንድ ሌሊት ቤቱ ወስዶ እንዲሰማው ይፈቅዳሉ። የመለኪያው ሥዕል መጣል ያለባቸውን ካስጣለ በኋላ በቀሩት ሁለት ወይም ሦስት መካከል የሚፈርደው በራስ ሳሎን፣ በራስ ወንበር፣ በማታ ድምፅ ልክ የሚደረግ ማዳመጥ ነው፤ የቱንም ያህል ስፖንጅ የተለጠፈበት የመደብር ክፍል ይህን አይተካም። ይህን ዕድል የሚፈልግ ገዢ ጥያቄውን ዋጋ ከመነጋገሩ በፊት ያንሣ። ዋጋ ካስቀነሰ በኋላ የጠየቀ ሰው «በዚህ ዋጋማ ከቤት አይወጣም» ሲባል ሰምቻለሁ። ካርቶኑንም ሳይቀደድ መመለስ ግዴታ ስለሆነ ማሸጊያውን በምላጭ ሳይሆን በእጅ መክፈት ይሻላል፤ ጥግ ላይ ለተቀደደ ካርቶን ከማስያዣው ይቆርጣሉ።